የመጽሐፍ ዕቁብ

አዲሱ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ትምህርት ቤታችን ሲገባ ለአምስት ልጅ አንድ ነበር የሚደርሰው። ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ዓለምጸሃይ መጻሕፍቱን በራሳቸው ፊርማ ተረክበው አመጡና ላይብረሪው ውስጥ ካለው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አስደረደሩኝ።

«እዚሁ ይነበባል፤ ከዚህ በር አይወጣም» አሉና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

ትእዛዙ አልከፋኝም። ላይብረሪ ውስጥ መሥራትን የመረጥኩት ብዙ መናገር የማይጠይቅ ሥራ መስሎኝ ነው። ቁልፍ መያዝ፣ የተነሣ መጽሐፍ ወደ ቦታው መመለስ፣ አልፎ አልፎ «ዝም በሉ» ማለት። ይህን እችላለሁ።

ችግሩ ዝም በል የሚባል ሰው አለመኖሩ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን አራብሳና ሌላም ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ወላጆቻቸው የሚሠሩት ግን እዚሁ ስለሆነ ትምህርት ቤት አልቀየሩም፤ ጠዋት አብረው ይመጣሉ፣ የመጨረሻው ደወል ሲደወል የአውቶቡስ ሰልፍ ለመያዝ ይሮጣሉ። ላይብረሪው ለረጅም ሰዓት የሚከፈተው ደግሞ ያኔ ነው። ቦርሳቸው ጀርባቸው ላይ እየዘለለ በበሩ ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ። ከኋላዬ መጻሕፍቱ ተደርድረዋል፤ የቀለም ሽታቸው እንኳ ገና አልለቀቀም።

በምሳ እረፍት ጥቂት ልጆች ብቅ ይሉ ነበር። እነሱም ሲመጡ ይጣላሉ። አንድ ቀን ማራናታና ተስፋ አንዱን መጽሐፍ በግራና በቀኝ ይዘው ሲጓተቱ ደረስኩ።

«ቲቸር፣ ሁልጊዜ እሱ ብቻ ነው የሚያነበው!» አለች ማራናታ።

«ቀድሜ መጣሁ እንጂ ሰረቅሁ እንዴ? አንቺ ምሳሽን እንደ ሙሽራ ቀስ እያልሽ ብይ!»

«አፍህን ዝጋ፣ ፋራ!»

ሽፋኑ ሊቀደድ ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ ኢክላስ ከጠረጴዛው ጫፍ ቀና አለች። ቀጭን፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ናት። አባቷ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ።

«ለምን ዕቁብ አንጥልም?» አለች።

«የምን ዕቁብ?»

«የመጽሐፍ ነዋ ቲቸር። አምስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ቤቱ ወስዶ ያነባል።»

«ወስዶ በዚያው ቢቀርስ?»

«ዋስ ይጠራል» አለች፣ ያልገባኝ ነገር መኖሩ እየገረማት። «አባቴ የዕቁብ ዳኛ ነው። ዋስ የሌለው ሰው አይበላም።»

ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ቢሮ ስገባ በቃሌ ያጠናሁትን ግማሹን ረስቼ፣ ግማሹን ደግሞ ወለሉን እያየሁ ነበር የተናገርኩት። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ።

«ልጆቹ ከደወል በኋላ መቆየት አይችሉም ነው የምትዪኝ።»

«አይችሉም።»

«ስለዚህ መጽሐፉ ይከተላቸው።»

«አዎ።»

«እስከ ፋሲካ እንሞክረው» አሉ። «አንድ መጽሐፍ ከጠፋ ግን ቁም ሣጥኑ ይቆለፋል፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ ይቀመጣል። የምትጠየቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም ናዝራዊት፣ እኔም ነኝ።»

ዕጣ የሚወጣው ሐሙስ በምሳ እረፍት ሆነ። የተጠቀለሉትን ወረቀቶች በመነጽሬ ቤት ውስጥ እየነቀነቅሁ አንዱን አወጣለሁ፤ ስም ስጠራ ክፍሉ ይናወጣል። የደረሰው ልጅ ይቆምና ዋሱን ይጠራል፤ ዋሱም እጁን ያነሣል። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬ ቢደነግጥም ለመድኩት። «ዝም በሉ» ማለቱንም ሳላውቀው ተውኩት። አንድ ሐሙስ የሳይንስ መምህሩ ተክላይ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ሊያይ ብቅ ቢል ልጆቹ ከበቡት። ቤታቸው አንብበው ያልገባቸውን ገጽ ሁሉ ዘርግተው ያዙት። በእጁ የያዘው ሻይ ቀዘቀዘ።

«እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ጠይቀውኝ አያውቁም እኮ!» አለኝ ሲወጣ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሻዩን ይዞ መምጣት ጀመረ።

ወላጆችም ይደውሉልኝ ነበር። አንዷ እናት ልጇ መጽሐፉን ለታናናሾቹ ጮክ ብሎ እያነበበ እሷም የልብን አሠራር እንደተማረች ነገረችኝ። «ጎበዝ» አልኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለማን እንዳልኩት አሰብኩ።

ከዚያ ኢክላስ ጠፋች።

መጽሐፉ የደረሳት ሐሙስ ነበር። በማግስቱ ቤተሰቧ ጓዙን ጭኖ አራብሳ ገባ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ትምህርት ቤቱ ዘንድ ያለው የአባቷ ስልክ ጥሪ አይቀበልም።

«ኢክላስ ዕቁብ በልታ ጠፋች!» እያለ ተስፋ ግቢውን ዞረ። «ዋሷ ማን ነበረች? ማራናታ! በይ ክፈይ!»

«ኢክላስ አትጠፋም» አለች ማራናታ። ዓይኖቿ ግን እንባ ሞልተዋል።

ወሬው ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጆሮ ሳይገባ አልቀረም። ረቡዕ ጠዋት ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ «ነገ ቁም ሣጥኑን አየዋለሁ» አሉ።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄድኩ። ማራናታም ተከተለችኝ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ ብላት «ዋስ ነኝ» አለችኝ። በባልዲና በጀሪካን ክምር መሀል የኢክላስን አባት፣ ጋሽ ሙዓዝን አገኘናቸው። ማን መሆኔን ስነግራቸው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ግቢ መምህርት፣ ግቢ። ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። ከትምህርት ቤት ስለቀረችብን ነው። ስልክዎም አልሠራ ብሎን...»

«ስልኩን ሌባ ወሰደው፤ ቁጥሩም አብሮ ሄደ። እናቷ ወልዳ ተኝታለች፤ ቤቱ ገና ዕቃው አልተፈታም፣ ታናናሾቿን የሚይዝ የለም። ሰኞ ትመጣለች ብዬ ነበር።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩ። ከዚያ መጽሐፉን እንዴት እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ቆሜ ባልዲዎቹን አየሁ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ የት አለ?» አለች ማራናታ።

ጋሽ ሙዓዝ ግራ ተጋብተው አዩኝ። ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ከወዲያ በኩል ሕፃን ያለቅሳል።

«ኢክላስ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አንቺ ዘንድ ነው?»

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ለተክርስቶስ የምትባል ልጅ ወሰደችው። ከእኛ በላይ የሚኖሩት የእትዬ አባይነሽ ልጅ። ደረሳት።»

«ምን ደረሳት?»

«ዕቁብ ነዋ አባ። እዚህ ብሎክ ስምንተኛ ክፍል የሆንን አምስት ነን፤ አንዳችንም መጽሐፍ የለንም። እኔ አንብቤ ስጨርስ ዕጣ ጣልን።»

ማራናታ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ሙዓዝ ሊቆጡ ቅንድባቸውን አሰባሰቡ፤ ግን ከንፈራቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ዋስ አላት?» አሉ በመጨረሻ።

«እናቷ።»

ወደ እኔ ዞረው «ዋሷ እናቷ ናት» አሉኝ፣ ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስል። እኔ ግን የማስበው ነገን ነበር። ለተክርስቶስና እናቷ ማታ ነው የሚገቡት። ጋሽ ሙዓዝ መልእክቱን እንደሚያደርሱ፣ መጽሐፉም በጠዋት እንደሚመጣ ማሉልኝ። ያን ሌሊት ግን አውቶቡስ ሲዘገይ፣ ሰው ሲረሳ፣ ዝናብ ሲጥል እያሰብኩ አነጋሁ።

ሐሙስ በምሳ እረፍት ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከልጆቹ ቀድመው ገቡ። ልጆቹ እሳቸውን ሲያዩ ድምፃቸውን አጥፍተው በግድግዳው ተደረደሩ። መምህር ተክላይ ሻዩን እንደያዘ በር ላይ ቀረ። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ መልሰዋል። እሳቸው በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ ሄደው ባዶው ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይሄስ?»

ይመጣል ብዬ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ልጆቹ እያዩኝ ነበር፤ ማራናታ ደግሞ ከንፈሯን ነክሳለች።

«አራብሳ ነው ያለው» አልኩ። «ኢክላስ በገባችበት ብሎክ መጽሐፍ የሌላቸው ልጆች አሉ፤ እነሱም ዕቁብ ጀመሩ። አሁን ያለው የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ እጅ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ይመጣል ተብዬ ነበር፤ እስካሁን አልመጣም።»

«የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ?»

«አዎ። ግን ሳይንሱ ያው ነው፤ ፈተናውም ያው ነው።» ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን ጥቂት ፈጀብኝ።

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ የቁም ሣጥኑን በር ዘጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተነጋግረን ነበር ናዝራዊት። ቁልፉን።»

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከግድግዳው በኩል አንድ ልጅ በረጅሙ ተነፈሰ።

ያን ጊዜ ነው መምህር ተክላይ ከበሩ ገለል ብሎ አንዲት ሴት ያሳለፈው። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል፤ የጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጋውን ለብሳለች። ላብ በላብ ናት። በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ዳኛዋ ማን ናት?» አለች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አባይነሽ እባላለሁ፣ የለተክርስቶስ እናት። አራት ኪሎ ነው የምሠራው፤ አለቃዬን እስካስፈቅድ ዘገየሁ።» ፌስታሉን ፈታች። መጽሐፉ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተሸፍኗል፤ ማእዘኖቹ በፕላስተር ተጣብቀዋል። «ይኸው። ግን ላሳይ ነው ያመጣሁት፤ ለመመለስ አይደለም። የልጄ ተራ እስከ ማክሰኞ ነው። ገና የኤሌክትሪኩ ክፍል ይቀራታል።»

ተስፋ ሳቁን በክርኑ ውስጥ ደበቀ።

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ መጽሐፉን ተቀብለው ሽፋኑን አዩ፤ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። አንድም ቦታ አልተቀደደም፣ አልተጻፈበትም።

«የእኛ ልጆች ሳይሸፍኑት እርስዎ ሸፈኑት» አሉ።

«ልጅቷ ናት። የሰው አደራ ነው፣ እንዲሁ አይያዝም ብላ።»

«ተራዋ እስከ ማክሰኞ ነው አሉኝ?»

«እስከ ማክሰኞ።»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ መጽሐፉን ዘጉት። «እናቴ በዕቁብ ነው ያስተማረችኝ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። «ዕጣ ከወጣለት ሰው አይነጠቅም።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ግን የዚህ መጽሐፍ ባለተራዎች ምን ያነባሉ?»

«በዚህ ሳምንት ከተስፋ ጋር አነባለሁ» አለች ማራናታ። «በቡድናቸው ያልደረሰው እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬ የእሱ ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ ተስፋ።

«ዋስህ ማን ሆነና ነው?»

ተስፋ ራሱን አከከ። «ምሳሽን ቶሎ ከበላሽ» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይም ሳቁ። ስሠራ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ትንንሽ ነው።

መጽሐፉን ለወይዘሮ አባይነሽ መለሱላት። ቁልፉን ደግሞ ወደ እኔ ገፋ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«እዚያ ዳኛው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ኢክላስ ናታ፣ የሙዓዝ ልጅ» አለች ወይዘሮ አባይነሽ። «ታናሽ ወንድሟን ታቅፋ ነው ዕጣ የምታወጣው። በዚህ ሳምንት የሌላ ብሎክ ልጆችም ሊገቡ መጥተው ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ለዚህ ሁሉ አይበቃም ብላ መለሰቻቸው።»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አዩኝ። የሚሉትን ሳይሉት አወቅሁት። የማላውቀው ሰፈር፣ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ደረጃ እየወጡ በር ማንኳኳት።

«ቅዳሜ ሄጄ ላየው እችላለሁ» አልኩ። «ትርፍ የሰባተኛ ክፍል መጻሕፍትም አሉን፤ ለታናናሾቹ ይዤላቸው እሄዳለሁ።»

«በዋስ» አሉ እሳቸው።

«በዋስ።»

ወይዘሮ አባይነሽ መጽሐፉን መልሳ ጠቀለለችና አለቃዋ ሳይቆጣ እየሮጠች ወጣች። መምህር ተክላይ ሻዩን አስቀምጦ «የኤሌክትሪኩ ክፍል ማንን አስቸገረ?» ሲል ልጆቹ ከበቡት። እኔ የቀሩትን ቡድኖች ዕጣ አወጣሁ። ስም በጠራሁ ቁጥር ይጮኻሉ፤ እኔም ድምፄ እንዲሰማ አብሬ መጮህ ነበረብኝ።

ማታ ከግቢ ስወጣ ከትናንት ጀምሮ እህል አለመቅመሴ ትዝ አለኝ። ዳገቱን ወጥቼ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። መቀመጫ ሁሉ ሞልቷል። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ቦምቦሊኖ አዘዝኩ፤ ትኩስ ነበር፣ ስኳሩ ጣቶቼ ላይ ተጣበቀ። ጨርሼው ሌላ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ዛሬ ደስ ያለሽ ትመስያለሽ» አለኝ።

ለማላውቀው ሰው መልስ መስጠት አይሆንልኝም። «በጣም ርቦኝ ነበር» አልኩትና ሁለተኛውን ገመጥኩ።