ሰማያዊዎቹን ተያቸው

ረዳቴ ቤኪ ሴሎቹን ቆጥራ ውጤቱን ስትነግረኝ አላመንኳትም። ከሰው መቅኒ የወጣ ግንድ ሴል በላብራቶሪ ፍላስክ ውስጥ እንዲህ ቶሎ አይራባም። ግን የሆስፒታሉ ሾፌር በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰው ማስቆም ደግሞ አልወድም። ፈርሜ የሴሎቹን ሳጥን ሰጠሁት።

ሴሎቹ የሚሰጡት ለአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የተተካላት መቅኒ የራሷን አካል እያጠቃ ነው፤ የሞከሩላት መድኃኒት ሁሉ አልሠራም።

ሾፌሩ ከሄደ ከሰዓት በላይ ሆኖታል፤ ቤኪ ዕቃ እያጠበች ነው።

«ሶሲ፣ ሰማያዊዎቹ ሲያምሩ! ላይክ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነበር እኮ።»

ከመቁጠሯ በፊት ናሙናው ላይ ሰማያዊ ቀለም ጨምረን ነበር። ያ ቀለም የሚገባው የሞተ ሴል ውስጥ ብቻ ነው። ሕያው ሴል አያስገባውም።

«ቆጠርሻቸው እንዴ?»

«እያቸው አላልሽኝም?»

«ተያቸው ነው ያልኩሽ! ተያቸው! ሊቭ!»

«በማስክ ውስጥ ስታጉረመርሚ ምን ላድርግ? እኔ አሜሪካ፣ ማሪዬታ ነው ያደግኩት።» ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

ሆስፒታል ደወልኩ። ነርሷ አንዴ ጠብቂ ብላ ሙዚቃ ለቀቀችብኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ካስቀረነው ናሙና ጠብታ ወስጄ፣ ቀለም ጨምሬ የማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ፈሰሰብኝ። በሦስተኛው ቆጠርኩ፤ ቀለም የሌላቸውን ብቻ።

«የሴሎቹ ከረጢት ተሰቅሏል፤ ገና አልከፈትነውም» አለች ነርሷ ተመልሳ።

«አትክፈቱት!»

ሐኪሙ ስልኩን ተቀበላት፤ የሞቱትንም አብረን እንደቆጠርን ነገርኩት።

«ስንቱ በሕይወት አለ?»

«ግማሹ።»

«ግማሽ አይበቃትም። ሌላ አላችሁ?»

«አንድ ፍላስክ አለ። አድጎ እስኪደርስ ግን አንድ ሳምንት ይፈልጋል።»

ከበስተኋላው የልጆች ፊልም ድምፅ ይሰማል።

«ሳምንት ትቆያለች?» አልኩት።

«አንቺ ሴሎቹን አሳድጊ» ብሎ ዘጋው።

ቤኪ አጠገቤ ቆማለች።

«ሶሲ፣ ያኛው ግማሽ ለምን ሞተ?»

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። ሁለቱም ፍላስኮች ያደጉት በአንድ ፈሳሽ፣ በአንድ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ነው። የቀረውን አውጥቼ ከላዩ ጠብታ ወሰድኩ፤ ቀለም ጨመርኩበት። ማይክሮስኮፑ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ግን ሁለታችንም ቆመን ቀረን።

«እይው በቃ» አለች ቤኪ በቀጭን ድምፅ።

ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያው ሴል ቀለም አልነበረውም። ሁለተኛውን መፈለግ ጀመርኩ።