የእትዬ ስመኝ ቤት ጭስ ማውጫ

ግንበኛው ሳላሃዲን ከጣሪያው ወርዶ እጁን ሲያራግፍ ቀይ የጡብ ዱቄት በነነ።

"ጋሽ ሳህሌ፣ ይሄ ጭስ ማውጫ ዊንተሩን አይሻገርም።"

ጋሽ ሳህሌ አንጋጠው አዩት። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ያለው ይህ ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ስመኝ የገዙት ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ጭስ ማውጫው ያኔም ዘመም ያለ ነበር።

"ድሮ የተገነባው በኖራ ነው" አለ ሳላሃዲን። "ኋላ አንዱ ሲሚንቶ ለጥፎበታል። ውሃው መውጫ አጥቶ ጡቡ ውስጥ በረዶ ይሆንና ይሰነጥቀዋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። አሁን ጥቅምት ላይ ከጀመርኩ በሳምንት እጨርሳለሁ። ብርዱ ከገባ ግን ኖራው አይይዝም፤ እስከ ኤፕሪል መጠበቅ ነው።"

"ድምፅ አለው?"

"መሮና መዶሻ ነዋ። ቤቱን ሙሉ ይሰማል።"

ጋሽ ሳህሌ ወደ ፎቁ መስኮት አዩ። እትዬ ስመኝ እዚያ ተኝተዋል። ጉበታቸውን ካንሰር በልቶት ሐኪሙ ለገና አይደርሱም ብሏል። በር ሲዘጋ እንኳ ይሰቀቃሉ። ከሆስፒታል ሲመለሱ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እዚሁ ክፍሌ ልሙት።"

"ኤፕሪል ይሁን" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

ሳላሃዲን ገብቶት መሰላሉን አጠፈ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ስመኝ "ምን አለ ልጁ?" ብለው ጠየቁ።

"ኤፕሪል ይሠራዋል።"

"አሁንስ ለምን አይሠራውም?"

"ድምፁ ይረብሽሻል ብዬ ነው።"

እትዬ ስመኝ ከትራሱ ቀና አሉ። "እስከዚያ እንደማልኖር ቆጥረህ ነው።"

"ኧረ በእመቤቴ..."

"ነው እንጂ። ይሥራው፣ ሳህሌ። አንድ ሳምንት እችለዋለሁ። ሰው ያለበት ቤት ይጠገናል።"

"እሺ፣ እደውልለታለሁ" አሉ። አልደወሉም። የሚስታቸው ሕመም ሲብስ እንዴት አድርጌ አስጀምራለሁ ይላሉ፤ ሲቀል ደግሞ ነገ እደውላለሁ። እንዲህ እያሉ ኅዳር ገባ፤ ምድሩ በረዶ ሆነ።

ገና አለፈ፤ እትዬ ስመኝ አልሞቱም። ጥምቀትም አለፈ። በየሳምንቱ ከግሮቭ ሲቲ የምትመጣው ልጃቸው ሩሃማ "ሚራክል ነው፣ አባዬ" ትል ነበር። ጋሽ ሳህሌ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እየወጡ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን በረዶ ሲጠርጉ ቀና ብለው ጭስ ማውጫውን አዩና "እሷ እስክትሄድ ብቻ ቁምልኝ" አሉት። ያሉት የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። አካፋውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ አንድ ጠዋት ለሚስታቸው ሾርባ ሲያጎርሱ ቤቱ ተናጋ። ጭስ ማውጫው የጓዳውን ጣሪያ ሰብሮ ደረጃው ላይ ተደረመሰ። እትዬ ስመኝን ጡብ አልነካቸውም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ጋዙን ዘጉና ማሞቂያው ጭሱን የሚያወጣበት ስለሌለ ማንም እዚህ ማደር አይችልም አሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ እትዬ ስመኝን በቃሬዛ ተሸክመው ፍርስራሹን እየተሻገሩ አወረዷቸው።

"ወዴት ነው? ሳህሌ፣ ወዴት ነው የሚወስዱኝ?"

"ለጊዜው ነው፣ ስሜ። ለጊዜው ነው።"

የተገኘላቸው ቦታ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲያ የተኙት አሮጊት ጆሯቸው ስለማይሰማ የቲቪውን ድምፅ ከፍ አድርገው ይውላሉ።

"ተሠራ?" ይላሉ እትዬ ስመኝ በየጠዋቱ።

"እየተሠራ ነው። ነገ እንገባለን።"

በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ሳህሌ ውሃ ሊያመጡ ወጥተው ሲመለሱ አርፈው አገኟቸው። ቲቪው ላይ ሰው ይስቃል። ነርሷ እስክትመጣ ድረስ የሚያጠፋው አልነበረም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ቀኗ ደርሶ ነው" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳላሃዲን እንደ ቃሉ ኤፕሪል ላይ መጥቶ በስድስት ቀን ጨረሰ። አባቷን ቤቷ ያስጠጋችው ሩሃማ ደስ ብሏት "አባዬ፣ ቤቱ ሬዲ ነው። መቼ ትመለሳለህ?" አለች።

"ሽጪው።"

"የእማዬን ቤት?"

"ሽጪው አልኩሽ።"

የገዙት ገና የተጋቡ ወጣቶች ናቸው። ቁልፉን ሲረከቡ ሚስትየው ወደ ጣሪያው እያየች ጭስ ማውጫው አዲስ መሆኑን ጠየቀቻቸው።

"አዎ፣ አዲስ ነው" አሉ ጋሽ ሳህሌ በእንግሊዝኛ።

ከዚያ ከልጃቸው መኪና ገቡ። ወደ ግሮቭ ሲቲ የሚወስደው ሀይዌይ ላይ እንደወጡ፣ በቀብሩ ቀን እንኳ ያላለቀሱት ሰውዬ ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። ሩሃማ ዳር ይዛ ልትቆም ፈለገች፤ ግን ግራና ቀኙ የጭነት መኪና ነበር። አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ነዳች።