ከሽቦው ሥር ያለው ቀይ መስመር

ለሁሉም ይታወቅ ዘንድ፣ በፖርቱጋል ተራሮች መካከል በምትገኘው መንደራችን፣ በሰኔ ወር፣ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንድ ካርታ በሚስማር ተሰቀለ። ሊቀመንበራችን ግራሲያኑ ለዚሁ ሲል ክራቫት አስሯል።

ካርታው ላይ የጥድ ደኑን ከመንደሩ የሚለይ ቀይ መስመር ነበር፤ የእሳት መከላከያ ተብሏል። የእሳት መከላከያ ማለት እስከ ሥሩ ተመንጥሮ አፈሩ የሚታይ ነው። ይኼኛው ግን የመብራት ሽቦ ለማሳለፍ ዛፉ ብቻ የተቆረጠበት ነው፤ ከሽቦው ሥር ቁጥቋጦው ወገብ ይደርሳል። ከአየር በተነሣ ፎቶ ግን ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ።

ካርታውን የሠራችው የደን ባለሙያዋ ኦቲሊያ ከማስመሯ በፊት ቦታው ድረስ መጥታ ምሰሶዎቹን ቀና ብላ አይታለች።

«ይኼ እኮ የመብራት መስመር ነው» አለች።

«መብራትም ያሳልፋል» አላት ግራሲያኑ።

እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። እውነተኛው ይሠራ ቢባል የማን ጥድ ይቆረጣል? እኛ ዘንድ ደን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲከፋፈል አንሶላ አክሏል፤ ሁሉም የአማቹ ድርሻ ለመከላከያ እንደሚመች ይመሰክራል። ኦቲሊያም አለቆቿ፣ በእኛ አገር በሰኔ ከሚገባው በጋ በፊት ጨርሺ ብለዋታልና ቀዩን አሰመረች።

ቤቷ ከሽቦው አጠገብ የሆነው ባልቴቷ ዙልሚራ ብቻ፣ እንግዲያው ቁጥቋጦው እንኳ ይመንጠርልኝ፣ ቤቴም ንቦቼም እዚያው ናቸው ብላ ለመነች።

«እማማ ዙልሚራ» አላት ግራሲያኑ፣ «የእሳት መከላከያ የተመነጠረ ነው። የተመነጠረ ደግሞ አይመነጠርም። እርስዎ ተኝተው ይደሩ።»

በነሐሴ፣ በመንደሩ ታቦት ቀን... ማለቴ ቅዱሱን ምስል በትከሻ ተሸክመን በምንዞርበት በዓል፣ ከጥዱ ጀርባ ጭስ ታየ። ግራሲያኑ መከላከያ አለን፣ ቀጥሉ አለ። ቀጠልን፤ ዙልሚራም ዓይኗን ከጭሱ ሳትነቅል ከኋላ ተከተለች።

ወዲያው ከፊታችን አንድ ትራክተር መጣ። የሚነዳው የግራሲያኑ አማች ነው። ተሳቢው ላይ የግራሲያኑ እናት የግድግዳ ሰዓታቸውን አቅፈው፣ ከዶሮዎቻቸው ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ስለማይሰማ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት።

«ዙልሚራ፣ ነይ ተሳቢው ላይ ውጪ እንጂ! ልጄ ያ ቁጥቋጦ እንደ ክብሪት ነው የሚነደው ብሎ ላከብኝ።»

ግራሲያኑ ክራቫቱን አስተካከለ። ቅዱሱን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች በጥንቃቄ መንገዱ መሐል አስቀመጡትና ዕቃቸውን ሊጭኑ ወደየቤታቸው ሄዱ።