የሚፈታ ጠረጴዛ

አናጢው መሮውን ከጣውላው ላይ አንስቶ ወደ በሩ ተመለከተ። አማቹ ከግቢው ውጭ ከቆመችው ፒክአፕ ኋላ ተንበርክኮ ሜትር ይዘረጋል። የመጫኛውን ርዝመት ለካ፣ ወርዱን ለካ፤ ከዚያ ዞር ብሎ የጠረጴዛውን ጣውላዎች በዐይኑ መዘነና ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

"ምን ትለካለህ?" አለ አናጢው።

"ምንም፣ አባባ። እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ የኖርኩት ለመቁረጥ ነው።"

አማቹ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "ብሎኑን ገዝቼ ልምጣ" ብሎ መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ።

አናጢውን የከነከነውም ይኸው ብሎን ነበር። ልጁ ለግቢው አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ሥራልን ስትለው ደስታውን በሆዱ ይዞ እሺ ብሏት ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ መሮ ጨብጦ አያውቅም ነበር። ልጁ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችው፤ በኮላ እንዳይጣበቅ፣ እግሩ ሁሉ በብሎን ይታሠር አለች። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚኖር ጠረጴዛ መፈታቱ ለምን ይሆን? እሱ የሚያውቀው የእግሩን ጫፍ ቀርጾ፣ ቀዳዳው ውስጥ በኮላ መትከል ነው። እንዲያ የተሠራ ዕቃ ሠሪውን ይቀብራል። የሚፈታ ዕቃ የሚሄድ ሰው ዕቃ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ብቅ አለ። ከመቀሱ ይልቅ አፉ ስለሚፈጥን ሰፈሩ "ምላጭ" ይለዋል።

"እጅህ ተመለሰ እንዴ፣ ጋሼ! እኔማ መጋዙን ቀብረኸዋል ብዬ ነበር።"

"አንተ ሰው ላጭ፤ እኔን ተወኝ።"

"ልተውህ ነበር። ግን አማችህ ትናንት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ በስልክ የሚያወራውን ብትሰማ!" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስለ ቤት ነው። ስለ ግቢ። 'እንግዲህ ቁልፉን በወሩ መጨረሻ እንረካከብ' ብሎ ዘጋው። ግማሽ ፂሙን ላጭቼ እጄ አየር ላይ ቀረ።"

"የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ይሆናል።"

"ይሁንለት። ብቻ ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ጋሼ።"

ምላጭ ነገሩን ጣል አድርጎ ሲሄድ የአናጢው እጅ ሥራ እንቢ አለ። ቤት፣ ግቢ፣ ቁልፍ። ሰሞኑን ልጁ ጓዳ ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ደርሶባት "አሮጌ ልብስ ነው" ብላ በጉልበቷ ከልላዋለች። አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ቤቱን ሊሸጡበት ነው። እሱንስ? እሱንም እንደ ጠረጴዛው ፈታተው የሆነ ቦታ ሊያስቀምጡት ነው።

ተነሥቶ የኮላውን ጣሳ ከመደርደሪያ አወረደ። የጠረጴዛውን እግሮች በየቀዳዳቸው ቀብቶ ተከለ፤ ሁለቱንም አግዳሚዎች እንደዚሁ፤ ከዚያ ኮላው እስኪደርቅ እንዲይዝለት ሁሉንም በሞርሳ ጥርቅም አድርጎ አሠረ።

"አሁን ይፍቱታ!" አለ።

ልጁ ከሥራ ስትገባ አማቹም ብሎኑን ይዞ ከኋላዋ ደረሰ። ሞርሳዎቹን ስታይ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ።

"አባዬ! ኮላ ቀባኸው? ብሎን ብዬህ!"

"ብሎን ለምን? ለገዢው እንዲመቸው?"

"የምን ገዢ?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሜትሩን አይቻለሁ፣ ካርቶኑን አይቻለሁ፣ የቁልፉንም ሰምቻለሁ። እናትሽ የተከለችው ዛፍ ሥር እኔን አስቀምጣችሁ ቤቴን ትሸጣላችሁ?"

ልጁ ባሏን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

"ቤቱን ማን ይሸጣል፣ አባዬ? የምንሄደው እኛ ነን።" ገና ያልደረቀው አግዳሚ ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ብላ ተወችው። "መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌላ ከተማ አዛወረኝ። የተከራየነው ቤት ግቢ አለው። ያንተ እጅ ያረፈበት ነገር እዚያ ይኑረኝ ብዬ ነው።"

"ታዲያ አፍ የለሽም?"

"ቀድሜ ብነግርህ መሮውን ትጥለው ነበር። እማዬ ስትሞት እንዳደረግከው።"

አናጢው ይህንንም ቶሎ አላመነም። ልጁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዋሽ የጆሮዋን ጫፍ ትጎትታለች። እጇ ወደ ጆሮዋ ይሄድ እንደሆነ ጠበቀ። ቀሚሷ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

"አብረኸን ና ብንልህ አትመጣም" አለ አማቹ ቀስ ብሎ።

"አልመጣም" አለ አናጢው።

ጎንበስ ብሎ ከመጋጠሚያው የፈሰሰውን ኮላ በአውራ ጣቱ ነካው። አልጠጠረም፤ ይለጠጣል።

"ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? እርጥብ ጨርቅ አምጪ! አንተ ደግሞ ያንን ያዝ።"

ሞርሳዎቹን ፈታ። የጠረጴዛውን እግሮች በእንጨት መዶሻ ከሥር እየመታ አንድ በአንድ አወጣቸው፤ ልጁ ኮላውን ጠረገች፤ አማቹ ለብሎኑ ቀዳዳ በሳ። አንደኛውንም አግዳሚ እንደዚያው ፈታቱት። ከአጥሩ ወዲያ የምላጭ ራስ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

አማቹ ሁለተኛውን አግዳሚ ሊፈታ ሞርሳውን ያዘ።

"ተወው" አለ አናጢው።

"አባባ፣ ይደርቃል እኮ።"

"ይድረቅ።"

አግዳሚውን በሁለት እጁ አንሥቶ ከዛፉ ሥር ወሰደና አስቀመጠው፤ ሞርሳውንም አንድ ዙር ጨምሮ አጠበቀው።