ስም የሌላቸው ቁልፎች

በሣልስቱ ዕለት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት መሬቱን በከዘራቸው እየነኩ ወደ ልቅሶው ድንኳን ገቡ።

«የየኔታ ልጅ የት አለች?»

የኔአለም ከፍራሹ ተነሥታ እጃቸውን ያዘች።

«እግዜር ያጥናሽ። ያንን በስልክ የክሊኒክ ተራ ማስያዣ የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ?»

ራሷን ነቀነቀች። ማየት እንደማይችሉ ትዝ ሲላት «አዎ፣ እማማ» አለች።

ድንገት ያረፉት አባቷ መሪጌታ ገዳሙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ስልካቸው የተጻፈውን እያነበበ ያሰማቸው ነበር። የልጃቸውን ተራ ማስያዣ የከፈቱ ቀን ግን በነኩት ቦታ ሁሉ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ አላቸው።

«ልጄ፣ እነዚህ ስም የላቸውም እኮ። የቱ ምን እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ሥዕል አላቸው አባዬ፤ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው» አለች። ወዲያው ደነገጠች። አባቷ ግን ሳቅ አሉ። አስተካክላለሁ ብላ ወደምትሠራበት ደብረ ማርቆስ ተመለሰች፤ ሥራ በዛ፤ ሳታስተካክለው ቀረች።

«ስኳር ዓይኔን ካጠፋው ወዲህ ተራዬን ራሴ ነው የምይዘው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት። «የኔታ የቁልፎቹን ቦታ እየቆጠሩ እንደ ዳዊት በቃል አስጠኑን። እንደ እኔ የማናይ ሰባት ነን። በሰኔ ቦታው ሲለዋወጥብን ደግሞ በየቤታችን ዞረው እንደገና አስጠኑን።»

በሰኔ፣ ገጹ እንዲያምር ብላ የለዋወጠችው የኔአለም ናት።

«አባዬ ለምን አልነገሩኝም?»

«‹ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው፤ ታስተካክለዋለች› ይሉን ነበር።»

የኔአለም ቤት ገብታ ላፕቶፕዋን ይዛ ተመለሰች። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ እሷ ግን ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሲያስጠኑዎት ስም አውጥተውላቸው ነበር?»

«እንዴታ! የመጀመሪያው ‹ቀኔን ምረጥ›፤ ቀጥሎ ‹ሐኪሜን ጥራ›፤ ተሳስተሽ እንደሆነ ‹መልሰኝ›።»

ስልክ እንዲያነባቸው በየቁልፉ ላይ አንድ በአንድ ጻፈቻቸው።

«የመጨረሻው፣ ተራው እንዲያዝ የሚነካውስ?»

«‹ይሁን›።»

«ይሁን» አለች የኔአለም እየጻፈች።

«እንደሱ አይደለም፤ እሳቸው ረጋ ብለው ነበር የሚሉት።»

የኔአለም ላፕቶፑን ከደነችና ረጋ ብላ ደገመችው።