ባለ አንድ ቀለህ ማሽን

የመርካቶ ነጋዴ ዕቃ ሲጠየቅ «የለም» ማለት ይከብደዋል። «አለ!» ይልና ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ዕቃውን ከጎረቤት ሱቅ ሮጦ ያመጣል። እኔም ሲኒማ ራስ አካባቢ ሚዛንና የስፌት መኪና መለዋወጫ ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት እንደዚሁ ነው። ሰው ሊገድል የነበረውም ይኸው አመሌ ነው።

እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብለን ዒላማ የምንተኩስ፣ ፈቃድ ያለን ጥቂት ሰዎች ነን። ከመካከላችን እውነተኛው ተኳሽ ጋሼ ኃይለልዑል ብቻ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፣ አሁን ሰባን አልፈዋል። የቀረነው ለመዝናናት ነው የምንሄደው። ባለፈው ዓመት ጥይት ከገበያ ጠፋብን። ማኅበራችን የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ ራሱ መልሶ እንዲሞላ ሲፈቀድለት፣ ጋሼ ኃይለልዑል ወደ እኔ ዞሩ።

«ምንይሉ፣ አንተ የማሽን ሰው ነህ። ከመካከላችን ጥይት መሙላት የሚያውቅ አለ?»

«አለ! እኔ አውቃለሁ፤ ማሽኑንም መርጬ አመጣለሁ» አልኩ።

በሕይወቴ አንድ ቀለህ ሞልቼ አላውቅም።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ማሽን ከሚያስመጣው ከአብዱልከሪም ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ በገዢ ተጨናንቆ ነበር። ሁለት ማሽን አውጥቶ አሳየኝ። አንዷ ጥቁር፣ ከባድ፣ እጀታዋ በተሳበ ቁጥር አንድ ቀለህ ላይ ብቻ የምትሠራ ናት። ሌላዋ አምስት ቀለህ አንድ ላይ የሚይዝ የሚሽከረከር ሳህን አላት፤ ባሩዱን ራሷ እየሰፈረች በእያንዳንዱ ስበት አንድ ያለቀለት ጥይት ትጥላለች።

«ከዚህ በፊት ሞልተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«እንዴ! ምን ነካህ?»

«እንዲያው ነው። ለጀማሪ ከሆነ ግን ጥቁሯን ውሰድ። ቀስ ትላለች፤ ግን የእያንዳንዱን ውስጥ አይተህ ነው የምታልፈው። ፈጣኗ ስታጠፋም ፈጣን ናት።»

ሳቄን ዋጥኩ። እኔ ራሴ አንድ ዕቃ ደጋግሜ ካወደስኩ መደርደሪያ ላይ የከረመብኝ ነው ማለት ነው። ጥቁሯም አቧራ ለብሳ ነበር። «ሊያራግፍብኝ ነው» አልኩ በልቤ። የሰውየውን ምክር በራሴ ተንኮል መዝኜ ፈጣኗን አሸክሜ ወጣሁ።

ማሽኗን ሱቄ ጓሮ ተከልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት እንድታግዘኝ የመጣችው ሠርኬ ነበረች፤ የማኅበራችን አባል ናት፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በየመሀሉ የስልኳን መብራት አብርታ «ቆይ፣ ልየው» ትላለች።

«ሠርኬ፣ ይሄ ሽሮፕ አይደለም። ማሽኗ ታውቃለች። አንቺ ዝም ብለሽ ካርቶን ውስጥ ደርድሪ።»

አንዴ ሳህኑ ነክሶ ቆመ። ወደ ኋላ መልሼ፣ በጡጫ ነካ አድርጌ ቀጠልኩ።

«እነዚህን አምስቱን ብናወጣቸውስ? ባሩድ ያልገባበት ቢኖርስ?» አለች።

«አለ፣ አለ፣ ሁሉም ላይ አለ» አልኳት። አላየሁም።

በማግስቱ እሑድ ዒላማ ስንተኩስ የጋሼ ኃይለልዑል ሦስተኛ ጥይት «ጧ» ማለት ሲገባው «ጢክ» አለ። ሌላ ጥይት ሊያጎርሱ የሄደው እጃቸው መሀል ላይ ቆመ። ጠመንጃውን ቀስ ብለው አስተኙና ቀለሁን አውጥተው በአፈሙዙ በኩል የመወልወያውን ዘንግ ሰደዱበት። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከቀለሁ የወጣው እርሳስ በደካማ ግፊት እዚያ ደርሶ ተቀርቅሮ ነበር። ሌላ ቢያስከትሉበት ኖሮ ብረቱ ፊታቸው ላይ ይፈነዳ ነበር።

«ባሩድ አልነበረውም። ማን ነው ያየው?» አሉ። አልጮኹም።

«ማየቱ የሠርኬ ሥራ ነበር» አልኩ።

አምልጦኝ ነው ብል ውሸት ነው፤ አስቤ ነው ያልኩት። ሠርኬ አየችኝ። ጋሼ ኃይለልዑል «ልጄ፣ ከእንግዲህ ጥይት አትንኪ» ሲሏት የጆሮ መከላከያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም።

ያን ሰሞን አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። ገዢ «ሚዛኑ ልክ ነው?» ሲለኝ ፊቴ ይግላል። ራሴን ሲያመኝ እንኳ በእሷ መድኃኒት ቤት ፊት ላለማለፍ ዞሬ ሌላ ቦታ ኪኒን ገዛሁ። በመጨረሻ ፈጣኗን ማሽን አሸክሜ ወደ አብዱልከሪም ተመለስኩ።

«በጥቁሯ ቀይርልኝ» አልኩት። ጓዳ ገብቶ በጨርቅ እንደተጠቀለለች አወጣት።

«አልተሸጠችም እንዴ?»

«ሦስት ሰው ጠይቆኝ ተይዛለች ብያለሁ። የሄድክ ቀን ነው ያስቀመጥኩልህ።»

«ለምን?»

«እንደማታውቅ ገብቶኝ ነበራ። ሰው ፊት ላሳፍርህ አልፈለግኩም። ደፍሬ አለመናገሬ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

ሰውየው ያላጠፋውን ጥፋት ለራሱ ሲወስድ፣ እኔ የራሴን በሠርኬ ጭንቅላት ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት። እዚያው ቆሜ ለጋሼ ኃይለልዑል ደወልኩ፤ ቅዳሜ ሠርኬን ይዘውልኝ ወደ ሱቄ እንዲመጡ ለመንኳቸው።

መጡ። ስለ ነከሰው ሳህን፣ ሠርኬ ስላለችኝ፣ እኔ ስላልኳት፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ለመሆኑ ጥይት መሙላት ታውቅ ነበር?» አሉ ጋሼ ኃይለልዑል።

«አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አላውቅም።»

ከወንበራቸው ተነሡና ወደ ሠርኬ ዞሩ። «ልጄ፣ ሳላጣራ ነው የፈረድኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» እኒያ አዛውንት በእኔ ጥፋት ሲለምኗት ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሠርኬ ለእሳቸው «ኧረ ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። ወደ እኔ ሳትዞር ጥቁሯ ማሽን ፊት ተቀመጠችና የስልኳን መብራት አብርታ ሰጠችኝ።

«ባሩዱን እኔ እመዝናለሁ፣ እጀታውንም እኔ እይዛለሁ። አንተ እያንዳንዱን ቀለህ እያየህ ጮክ ብለህ ተናገር።»

አጎንብሼ አየሁ። «አለ።» ቀጣዩንም አየሁ። «አለ።» ሃያ ሁለት ዓመት ሳላይ ያልኩትን አሁን እያየሁ እል ጀመር። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። መብራቱን አስጠግቼ ደግሜ አየሁ። ባሩዱን ረስታው ይሁን ሆን ብላ ትታው፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

«የለም» አልኩ።

ሠርኬ ቀለሁን ከእጄ ተቀበለችና ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀጥል» አለች።