አሸዋ የሚያኝኩት ዓሣዎች

የከባድ መኪናው ሹፌር ይቅርታ ለመጠየቅ ወኔው ቢከዳው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ዓሣዎቼን ልያቸው ብዬ ነው» አላት ሚስቱን። ዓይን ያወጣ ውሸት! ሌላ ሴት ቤት ሁለት ዓመት ሲከርም አንድ ቀን እንኳ ስለ ዓሣ ደውሎ አያውቅም። የፈለገው ወደ ቤቱ መመለስ ነበር። እሷም ገብቷታል፣ ሞኝ አይደለችም። «ግባና እይ፤ ከዚያ ትሄዳለህ» ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

የመስታወት ገንዳው ሳሎኑ ውስጥ እንደ ነበረ ነው። ዘራቸው ከደቡብ አሜሪካ ነው ተብሎ፣ ዓሣዎቹን ጣት ሳያክሉ የገዛቸው እሱ ነው። የሚስቱን የዱቄት ወንፊት ከማዕድ ቤት ሰርቆ አሸዋውን የነፋላቸውም እሱው ነው። አሸዋ በአፋቸው ዝቀው ያኝኩና ምግቡን አስቀርተው የተረፈውን በመተንፈሻ ስንጥባቸው ያፈሱታል፤ ሻካራ ከሆነ ይቆርጣቸዋል። ሚስቱ ያኔ «አፈር የሚበላ እንግዳ አመጣህብኝ!» ብላ በሳቅ ሞታ ነበር።

አሁን መዳፍ አክለዋል። የሰባት ዓመት ልጁ ገንዳው ሥር ተንበርክካለች።

«አባዬ፣ ቀስ በል! ዓሣዋ ወልዳለች። ልጆቿን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድጋቸው፤ ስትፈራ ትሰበስባቸዋለች።»

ደስ አለው፤ ይህ ደስታው እንኳ ውሸት አልነበረም። ጫጩቶቹ እናታቸው ፊት አሸዋ ይለቃቅማሉ። ልጅቷ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች፣ ዓሣዋ ከቁብም አልቆጠረቻት። ሚስቱ መጥታ ምግብ በተነችላቸው፣ አሁንም ዓሣዋ አልፈራችም።

«እስቲ እኔም ልያት» ብሎ ጠጋ አለ። ገና ጎንበስ ሲል እናቲቱ አፏን ከፈተች፤ ጫጩቶቹ ተግተልትለው ገቡና ጥርቅም አደረገችው።

«ምነው? እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኳት!» አለ፣ ነገሩን ወደ ሳቅ ሊወስደው እየሞከረ።

«የማታውቀው ሰው ሲመጣ እንዲህ ናት» አለች ልጅቷ። «ቧንቧ ሠሪው የመጣ ጊዜም እንዲሁ ነው ያደረገችው።» ተንኮል የለባትም፣ ስለ ዓሣ ነው የምታወራው።

መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስለው የመጣውን የይቅርታ ቃል ተወው። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ትስቅብኛለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«በል እንግዲህ ሂድ» አለችው ቀስ ብላ። «አንተ እዚህ እስካለህ አትለቃቸውም። ከቆየህ ደግሞ በፍርሃት ትውጣቸዋለች።»

ጫማውን አጠለቀና ወጣ። በሩን ከኋላው ገና ሳይዘጋው የልጁን የደስታ ጩኸት ሰማ።

«እማዬ! ለቀቀቻቸው! ነይ እዪያቸው!»